የእትዬ ዘነበች ጽጌረዳ

ጦር ኃይሎች አካባቢ አንድ አበባ ቤት ገብተን የልጅ ልጄ ለሰርጓ አበባ ስትመርጥ፣ የጽጌረዳው ሽታ የልጅነቴን ኮልፌ አመጣብኝ።

እህቴ ስትዳር አሥር ዓመቴ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ግቢያቸው ውስጥ ነጭ ጽጌረዳ ነበራቸው። ባላቸው ጋሼ ታዬ ከሞቱ ግን ሁለት ወር አልሞላም ነበር።

"ሐዘንተኛ የሰርግ አበባ አይጠየቅም፤ ነውር ነው" ብላ እናቴ ከለከለችኝ።

ተደብቄ ሄድኩና፣ "አበባ ስጪኝ ብላ ነው እማዬ፤ ጋሼ ታዬ መቃብር ላይ ልታስቀምጥላቸው" አልኳቸው እትዬ ዘነበችን። እያለቀሱ፣ አንድም ሳያስቀሩ ቆርጠው አሳቀፉኝ። ለእናቴ ትምህርት ቤት የሰጡኝ ነው አልኳት።

በሰርጉ ቀን እትዬ ዘነበች ጥቁር ልብሳቸውን እንደለበሱ ሊመርቁ መጡ። አበባውን እህቴ እጅ ላይ ሲያዩ ትንሽ ቆሙ። መርቀዋት ሲያበቁ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

"ለሙሽራ መሆኑን ብትነግሪኝ እኮ እሾሁን አነሳላት ነበር።"

አልተቆጡኝም ብዬ ደስ አለኝ። ልጅ ነበርኩ። ለእናቴ ሳይናገሩብኝ፣ እኔም ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ሞቱ።

"እማማ፣ ነጩ ጽጌረዳ ይሁን?" አለችኝ የልጅ ልጄ።

"ሌላ ምረጪ።"

"ለምን?"

"ቶሎ ይጠወልጋል" ብዬ አሁንም ዋሸሁ።