በበርሜል ያገሳው አንበሳ

አንበሳ ቀላቢው ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቶ ከመካነ አራዊቱ ይዞ የወጣው ሁለት ነገር ነው፤ አንድ የግድግዳ ሰዓትና ከጃኬቱ አልለቅ ያለ ሽታ። ሰዓቱ በሦስተኛው ወር ቆመ። ሽታው ግን እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ነው። ሚስቱ ጃኬቱን ከበረንዳ አታሳልፈውም፤ የሰፈሩ ድመቶችም እዚያ በረንዳ ጋ ሲደርሱ መንገድ ይቀይራሉ።

መካነ አራዊቱ ከተዘጋ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ጉማሬዋ ትንፈላሰስበት የነበረው ኩሬ ዛሬ መኪና ማጠቢያ ሆኗል፤ ቀላቢው በዚያ ባለፈ ቁጥር "ውሃው እንደሆነ ያው የድሮው ነው" ይላል። የዝንጀሮዎቹ ቤት ደግሞ ቢሮ ሆኗል። ስለ እሱ ሲጠየቅ ዝም ብሎ ይስቃል።

የግቢው ኩራት ሻለቃ የሚሉት አንበሳ ነበር። አንበሳ ሲያረጅ የዝንብ መጫወቻ ይሆናል ይባል የለ? ሻለቃን ዝንቦቹም ሰልችተውት ነበር። ጥርሱ አልቆ ሥጋው ተፈጭቶ ነው የሚቀርብለት። ቀኑን ሙሉ ይተኛል። ጎብኚዎች አጥሩን ተደግፈው "ሞቷል እንዴ?" ይባባላሉ። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ቀላቢውን ጠራና "ይኼ አንበሳ እስከ ሰኞ ካላገሳ ሁለታችሁንም አሰናብታለሁ" አለው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ቀላቢው ተስፋ ቆርጦ፣ ከአንበሳው ቤት ጀርባ አንገቱን የሥጋ በርሜል ውስጥ ከትቶ ሲፈትግ፣ ጉንፋን ይዞት ኖሮ አስነጠሰው። በርሜሉ ያንን ማስነጠስ አሳድጎ፣ ጎፈር አብቅሎለት ወደ ሰማይ ወረወረው። ከግድግዳው ማዶ ሕፃናት ጮኹ፤ ቀጥሎ ጭብጨባ ተሰማ።

ማስነጠሱን ወደ ማግሳት ለማሳደግ አንድ ጠዋት በቃው። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት፣ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ሦስት ጊዜ አገሳ። ሲጨርስ ጉሮሮውን ስለሚከረክረው ሁለት ጊዜ ያስላል። ሻለቃ በመጀመሪያው ቀን ቀና ብሎ ግራ ቀኙን ተመለከተ። ሕዝቡ "ኩራቱን አያችሁ?" አለ። እውነቱን ለመናገር ግን አንበሳው "ማነው ደግሞ ይኼ?" እያለ ነበር። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላሉ፤ ቀላቢው አንበሳ በበላበት ጮኸ። እስቲ አስቡት፤ አንድ ከተማ ሙሉ፣ ልጆቹን በትከሻው ተሸክሞ፣ የአንድ ጉንፋናም ሰው ድምፅ ሲፈራ።

ይህን የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ነበረች።

ባለፈው ወር ከቤተ መጻሕፍቱ አንዲት ወጣት መጣች። ስለ ተዘጋው መካነ አራዊት የፎቶ ኤግዚቢሽን እያዘጋጀች ነው። ከቦርሳዋ አንድ ትልቅ ፎቶ አወጣች። መሐል ላይ ሻለቃ ተጋድሟል፤ ጥግ ላይ ባልዲ የያዘ እጅ ይታያል።

"ይኼ እጅ የኔ ነው" አለ ቀላቢው።

"ውይ አባባ፣ እኔ እኮ አላወቅኩም። ጽሑፉ ታትሟል።" ጽሑፉ "ሻለቃ ከባልዲው ጋር" ይላል። "ግሳቱንም አግኝተናል። አንድ ጎብኚ በካሴት ቀድቶት ነበር።"

ልጅቷ እንደወጣች ሚስቱ ተነሣችበት።

"ባልዲው እንኳ ስም አገኘ! ሠላሳ አንድ ዓመት የገማኸው አንተ፣ ያጠብኩልህ እኔ፣ የሚታወሰው ባልዲ?"

"ምን ላድርግ ታዲያ?"

"ተናገራ! ያገሳሁት እኔ ነኝ በል።"

እሱም በሆዱ ይመኘው ነበር። ብዙ አልፈለገም፤ ከመሞቱ በፊት ከሚስቱ ሌላ አንድ ሰው ቢያውቅለት ይበቃዋል።

ለወጣቷ መናገር እፈልጋለሁ ብሏት ነበርና፣ በመክፈቻው ዕለት የሚናገረውን በወረቀት ጽፎ በደረት ኪሱ ከትቶ ከሚስቱ ጋር ሄደ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ካሴቱ ተከፈተ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ አገሳ። ከዚያ ሁለት ጊዜ፣ እህ፣ እህም።

"ይኼ አንበሳ ብርድ ነበረበት" አለ አጠገቡ የቆመ ሽማግሌ። ልብስ ሰፊ ነው፤ ሜትሩን አንገቱ ላይ ረስቶ መጥቷል።

"ታውቀው ነበር እንዴ ወንድሜ?" አለ ቀላቢው ጠጋ ብሎ።

"ሱቄ ከግድግዳው ማዶ ነበራ! ባገሳ ቁጥር መርፌው ጣቴ ውስጥ ነው። ስንት ሙሽራ እጅጌው የጠመመ ኮት ለብሶ እንደተዳረ አትጠይቀኝ። በኋላ ሰፈሩን አስፈርሜ አቤት አልኩ። ያውልህ።"

ደብዳቤው መስታወት ውስጥ ተቀምጧል። ቀላቢው መነጽሩን ረስቷልና ሚስቱ ታነብለት ጀመር። "አውሬው በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ስለሚያብድ፣ ሕፃናት እየባነኑ፣ ዶሮዎቻችን እንቁላል መጣል ስላቆሙ..." ከሥሩ ማኅተም ያለበት ውሳኔ አለ። "በነዋሪዎች አቤቱታ መሠረት መካነ አራዊቱ..." ድምፅዋ ቀነሰ። "...እንዲዘጋ።"

ተያዩ። ሰውየው ለእንጀራው ብሎ ሲያገሳ፣ ያንኑ እንጀራውን ዘግቶት ኖሯል። ጉማሬዋን፣ ዝንጀሮዎቹን፣ ሻለቃን፣ ሁሉንም በአንድ በርሜል።

"ተወው" አለች ሚስቱ በሹክሹክታ። "ባልዲው ይታወስ።"

ግን ወጣቷ ክንዱን ይዛ ወደ ድምፅ ማጉያው ወሰደችው። "አባባ የሚሉት ነገር አለ" አለች። ቀላቢው ወረቀቱን ከኪሱ አላወጣም። መስታወቱን አየ፤ "አውሬው" የሚለው ቃል ከነገሩ ሁሉ ይበልጥ ከነከነው።

"ሻለቃ ጨዋ ነበር" አለ። "እኔ በቀለብኩት ዘመን አንድም ቀን አላገሳም። የሰው ስም አይጥፋ።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቀላቢው ቀልደኛ ነው ተባለ፤ ተጨበጨበለት። ጉሮሮውን ከረከረውና በድምፅ ማጉያው ላይ ሁለት ጊዜ አሳለ። እህ፣ እህም።

ከተሰበሰበው ሰው መሐል ሳቁን ያቆመው ልብስ ሰፊው ብቻ ነው። ቀላቢው ሲወርድ መንገዱ ላይ ቆሞ ጠበቀውና ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ በቀላቢው አንገት ላይ ጠመጠመው።

"አርባ" አለ ቁጥሩን አይቶ።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ያ ሁሉ ድምፅ ከዚች አንገት እንዴት እንደወጣ እያየሁ ነው።"

"በርሜል ነበረው" አለች ሚስቱ።