ቄቦቹና የቆዩት ዶሮዎች

ይህ የቄብ ጉዳይ በጠቅላላው አራት ቄብ፣ አንድ አውራ ዶሮ፣ ግማሽ ኩንታል ማሽላና ከሚስቴ ጋር አንድ ኩርፊያ ፈጅቶብኛል። ነጋዴ ነኝና ወጪውን አስቀድሞ መናገር ይቀናኛል።

ሐይቅ ከተማ፣ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሱቅ ነበረኝ። ለውጥ መጣ በተባለበት ሰሞን፣ ሰው ሁሉ ቀኑ የነጋለት በመሰለበት ጊዜ፣ ሱቁን አሰፋሁት። ገንዘቡ የእኔ አልነበረም። ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራው ልጄ የምትልከው ነበር። "አባባ፣ እኔ ዘንድ ከሚቀመጥ አንተ ዘንድ ይሥራ" ትለኝ ነበር። አሠራሁት። ስኳር፣ ዘይት፣ ሚስማር፣ ቆርቆሮ፣ ለዒድ ደግሞ የልጆች ልብስ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ታጣቂዎቹ ሲቃረቡ የሱቁን በር በሁለት ቁልፍ ቆልፈን ወደ ደሴ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ዘመድ ወደሌለን አገር ሸሸን። ስንመለስ ሁለቱም ቁልፎች እንደተቆለፉ አገኘኋቸው። የጠፋው በሩ ነው።

ከሱቁ የተረፈው መደርደሪያው የቆመበት ምልክት ብቻ ነበር። ከመኖሪያ ግቢያችን ግን ሦስት ዶሮና አንድ አውራ ዶሮ ተርፈው ቆዩን። ያተረፏቸው ጎረቤታችን ናቸው፤ ባላቸው የሞተባቸው አሮጊት ክርስቲያን። ልጆቻቸው ሲሸሹ እሳቸው "ይህ ጉልበት የት ያደርሰኛል?" ብለው ቀርተው ነበር። ሚስቴ አመሰገነቻቸው፤ እቤት ከገባን በኋላ ግን "ሦስት ዶሮ ያን ሁሉ ጊዜ የጣሉትን እንቁላል ማን በላው?" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የሁለቱ ሰላምታ አጠረ። ከተማው ያኔ እንዲያ ነበር። የሸሸው የቀረውን "ከእነሱ ጋር ምን ሲያደርግ ነበር?" ይላል፤ የቀረው የሸሸውን "ጥሎን ሄዶ ደግሞ ይጠይቀናል" ይላል። ሁሉም በጎን ይተያያል።

በዚህ መሃል ልጄ መጣች። የመኖሪያ ወረቀቷ ጊዜው አልፎ ተቃጥሎባት፣ ከብዙ ልጆች ጋር በአውሮፕላን ጭነው መለሷት። ስድስት ዓመት ቆይታ የያዘችው አንዲት ሻንጣ ነው፤ እሱም አልሞላም። በማግስቱ ሱቁን አሳየኋት። ባዶውን ግድግዳ አየች፣ ወለሉን አየች፣ "እሺ" አለች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ብዙም ሳትቆይ ስልኳ መጮህ ጀመረ። ደላላ ነው። በጅቡቲ በኩል፣ ከዚያ በጀልባ። የሀገሬ ሰው ይህን መንገድ ያውቀዋል፤ ባሕሩ ያስቀረውንም ያውቀዋል። ለእናቷ "ስድስት ዓመቴ እዚያ ሱቅ ውስጥ ነበር፤ ሄጄ አመጣዋለሁ" አለቻት። እናቷ አለቀሰች። እኔ ለቅሶ ስለማልችልበት ወደ ገበያ ሄድኩ።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። ጠዋትና ማታ የሚያበላው እንስሳ ያለው ሰው እንዲህ በቀላሉ ተነስቶ አይሄድም። ላም እንዳልገዛ አቅሜ አልፈቀደም። ስለዚህ አሥራ ሁለት ቄብ ገዛሁ። ጫጩትነታቸውን የጨረሱ፣ እንቁላል ግን ገና ያልጀመሩ፣ የፈረንጅ ዘር ያለባቸው፣ እግራቸው ረዘም ረዘም ያለ። "ያንቺ ናቸው" አልኳት። "እንቁላሉን ትሸጫለሽ።" እሷም አንዷን አንስታ ደረቷን ዳሰሰችና "ቀጭን ናቸው" አለች። ነገር ግን አስቀመጠቻት እንጂ አልመለሰችልኝም። ይህን እንደ ቀብድ ቆጠርኩት።

በእኛ አገር ከገበያ የመጣ ዶሮ ቤቱን እስኪለምድ እግሩ ታስሮ ይሰነብታል። ያለዚያ ወደመጣበት ይነጉዳል፤ ወይ የጎረቤት ይሆናል። ሚስቴ ዕድሜዋን ሁሉ ያደረገችውን አደረገች። ልጄ እንቅልፍ ወስዷት ሳለ አሥራ ሁለቱንም በሲባጎ እያሰረች በግቢው አጥር ሥር ደረደረቻቸው። እኔም አይቼ ጥሩ አድርገሻል ብዬ ወጣሁ። ከገበያ አንድ ዶሮ ሲመጣ እንጂ አሥራ ሁለት ልጅ እግር ሲመጣ አላየንም፤ የቆዩት ዶሮዎች ምን እንደሚሉ የጠየቃቸውም የለም።

የቆዩት አለቃ ገብስማዋ ናት። ላባዋ እንደ ገብስ ነጭና ግራጫ የተዘባረቀ፣ ቁመቷ አጭር፣ ዓይኗ ሰው የሚንቅ። ጦርነቱን ባሕር ዛፍ ላይ ተሰቅላ ያሳለፈች ናት፤ ከዚያ ወዲህ ለማንም አትታጠፍም። ስመለስ ሁለት ቄብ ሞተው አገኘሁ። መሸሽ አይችሉማ፤ ሲባጎው በሚፈቅደው ልክ እየዞሩ አናታቸውን ተወቅረው ነው የሞቱት። ልጄ ተንበርክካ በወጥ ቤት ቢላ የቀሩትን ሲባጎ ትቆርጣለች።

"ኧረ ቆይ፣ ይበተኑብሻል!" አለች እናቷ።

"ይበተኑ።"

"ቤቱን ሳይለምዱ?"

"እማዬ፣ ታስሮ ቤት የሚለምድ የለም" አለች፣ ቀና ሳትል። "እኔ ሞክሬዋለሁ።"

እናቷ ያንን ሪያድ ስላለው ቤት ብቻ አድርጋ ሰማችው። እኔ ግን ቄቦቹን ለምን እንደገዛሁ አውቃለሁና አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ነገሩ የእሷ ሆነ። ወደ ሐይቁ ወርዳ ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ያረጀ መረብ ለምና አመጣች። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ የሚያዝበት፣ እዚህም እዚያም የተቀደደ። ቀዳዳውን ቋጥራ ግቢውን ለሁለት ከፈለችው። ወዲያ የቆዩት፣ ወዲህ ቄቦቹ። ማሽላውን ከመረቡ ግራና ቀኝ ትበትናለች፤ ፊት ለፊት እየተያዩ ይበላሉ። ገብስማዋ መጀመሪያ ሰሞን በመረቡ ላይ እየዘለለች ትፎክር ነበር። ቀስ በቀስ ፉከራው ቀነሰ። አንድ ቀን ጀርባዋን ሰጥታ ስትለቅም አየናት።

"አየህ? ሰለቿት" አለች ልጄ።

"መሰልቸትም መልመድ ነው?"

"እዚያ ቤት እንዲያ ነው የለመዱኝ።"

ሪያድን በዚህ ዓይነት ነው የምታወራው፤ በቁንጥር፣ ስለ ዶሮ እያወራች። እኔም ከግቢው አልርቅም። ሱቅ የለኝ፣ የት እሄዳለሁ?

መረቡ ሲነሳ ሁሉም በሰላም ዋለ ማለት ይቻላል። ሰላሙን የጠበቀው አውራ ዶሮው ነው። ገብስማዋ አንዷን ቄብ አሳድዳ ስትደርስባት መሃል ይገባል፤ አይመታትም፣ ደረቱን ነፍቶ ይቆማል፣ በቃ። የሰፈር ሽማግሌ ነበር የሚመስለው። ዋጋውን ያወቅነው ግን ካረድነው በኋላ ነው።

ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ደላላው ራሱ ቤታችን መጣ። ከአምባሰል ወገን የመጣ ወጣት ነው። ጫማው ንጹሕ፣ አነጋገሩ የተመጠነ። "አሰላሙ ዓለይኩም" ብሎ ገባ፣ የሚስቴን እጅ ሳመ፣ የዘመዶቻችንን ጤና ጠየቀ። አንድ ክፉ ነገር እንዲያወጣ ብጠብቅ አላወጣም። እንደ ነጋዴ ሳየው ጥሩ ነጋዴ ነው፤ ዕቃውን አያወድስም፣ ዝም ብሎ ይጠብቃል።

እቤት የገባ እንግዳ ሳይበላ አይወጣም። ሚስቴ ወደ ጓዳ ጠራችኝ።

"ምን ላቅርብለት? ሽሮ?"

"ሽሮ ይብቃው።"

"ነገ አምባሰል ሄዶ ሽሮ አበሉኝ ይበል? ቄቦቹ የልጅቷ ናቸው። ሦስቱ አሮጌዎች ይጥላሉ። አውራው ነው ያለው።"

ስለዚህ ልጄን ሊወስድብኝ ለመጣ ሰው አውራ ዶሮዬን በቢስሚላህ አርጄ አበላሁት። ፈረሰኛውንም አወጣንለት። "የእናት እጅ!" እያለ በላ። ሲወጣ ለልጄ "ከዒድ በኋላ መኪና አለ፤ አስቢበት" አላት። እሷም ጭንቅላቷን ነቀነቀች። እሺ ይሁን እንቢ ከንቅነቃው ማወቅ አልቻልኩም፤ በገበያ ውስጥ ያረጀ ሰው ነኝ፣ እንዲህ ያለ ንቅነቃ ግን አልገጠመኝም።

አውራው ከሄደ በኋላ ግቢው ተበላሸ። መሃል የሚገባ የለም። ገብስማዋ ማሽላው ላይ ቆማ ማንንም አታስጠጋም። አንዷ ቄብ ዓይኗን ተወግታ ሞተች። ሌላዋ ፈርታ ጉድጓድ ውስጥ ተወትፋ፣ ሳትበላ ሳትጠጣ ቀረች። ልጄ ሁለተኛዋን ቀብራ ስትመለስ እጇን እንኳ አልታጠበችም።

"አባባ፣ ተወው፤ አይሆንም" አለች። "ከዒድ በኋላ እሄዳለሁ።"

ነጭ ነጩን ስትነግረኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ቢላ አንስቼ ወደ ገብስማዋ አመራሁ።

"እሷን ምን አጠፋች ብለህ?" አለች ልጄ። "ቤቷ ነው። ሲገቡባት ምን ታድርግ?"

"እና ምን ላድርግ?"

"ለጥቂት ቀን ከዓይናቸው ትራቅ እስቲ።"

የት? ጎረቤታችን ዘንድ ነዋ፤ ገብስማዋም እሳቸውን ታውቃለች። ይህን ለሚስቴ ብነግራት "እንቁላሉ አልበቃ ብሎ ዶሮዋንም ጨምርላቸው!" ብላ ፊቷን አዞረችብኝ። ኩርፊያው የተጀመረው ያኔ ነው። ገብስማዋን ብብቴ ሥር ይዤ ብቻዬን ሄድኩ።

"መጣሽ አንቺ ጨካኝ?" አሉ ጎረቤታችን ዶሮዋን ተቀብለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ሚስትህ አሁንም እንቁላሉን ታስባለች፣ አይደል?" አሉኝ።

"ኧረ እትዬ፣ ምን በወጣት!"

"አትዋሽ፣ አያምርብህም። እንቁላሉን የበሉት ታጣቂዎቹ ናቸው። በየጠዋቱ ሰብስቤ ወስጄ እሰጣቸው ነበር። እንቁላል እያገኘ ዶሮውን የሚያርድ ወታደር የለም ብዬ። አንዷ ባትጥል ሌላዋ ትጥላለች። ሁሉም ሳይጥሉ የዋሉ ዕለት ከሰው ለምኜ ሞላሁ።"

"እርስዎስ ምን ይበሉ ነበር?"

"እኔማ ጾም ላይ ነበርኩ" አሉና ሳቁ። "እግዜር ጾሙን በጊዜው አመጣልኝ።"

ዕድሜዬን ስሸጥና ስገዛ ኖሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ንግድ ሰምቼ አላውቅም። ለሚስቴ እንዳለ ነገርኳት። በማግስቱ በጎድጓዳ ሳህን ማሽላ ሞልታ አጥሩን ዞራ ሄደች። "ለዶሮዋ ነው" አለችኝ፣ ሳልጠይቃት። ስትመለስ ሳህኑ ባዶ ነበር፤ መሽቶ የፆም መፍቻ ሰዓት ደርሶ ነበር።

ገብስማዋ በሌለችበት ቄቦቹ ሰው ሆኑ። ከሁለቱ አሮጌዎች ጋር አብረው ይጭራሉ፤ ማታ ማታም ያለ ጠብ ቆጡ ላይ ይወጡ ጀመር። ዒድ ሲቃረብ ገብስማዋን መልሰን አመጣናት።

መግሪብ እየጠበቅን ነበር። ልጄ ጀሪካን ላይ፣ እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጠናል። ገብስማዋ እንደ ድሮዋ ደረቷን ነፍታ ወደ ማሽላው ገባች። አንዷ ቄብ፣ ድሮ ስታያት የምትበረግገው፣ አናቷን ወቀረቻት። ሌላዋም ደገመቻት። ገብስማዋ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ወደ አጥሩ ሥር ሄደችና ብቻዋን ቆመች።

"ቤቷ እኮ ነው" አለች ልጄ።

"ነው እንጂ።"

"እነሱ ግን አላወቋትም።"

"ትለምዳለች። ምን ያህል ቆየች ብለሽ?"

"እኔ ስድስት ዓመት ነው የቆየሁት" አለች። ዓይኗ ከዶሮዋ ላይ አልተነሳም። "የመጣሁ ዕለት፣ አባባ፣ በር ላይ ስታየኝ ከመቀመጫህ ተነሳህልኝ። እንደ እንግዳ። ትዝ ይልሃል?"

አልታወሰኝም፤ ግን እንደማደርገው አውቃለሁ። ሰው ለልጁ ከመቀመጫው አይነሳም።

"አሁን ደግሞ ሄጄ ብመለስ" አለች፣ "ምን ልትሆንልኝ ነው? ምንጣፍ ልታነጥፍልኝ ነው?"

ብዙ ቃል ምላሴ ላይ መጣ። አትሂጂ የሚለው ከፊት ነበር። እሱን ግን ሲባጎ ሆኖ አየሁትና ዋጥኩት።

"አንቺ ብቻ ተቀመጪ እንጂ፣ እኔ መነሳቱን እተወዋለሁ" አልኳት።

ሳቀች፤ አጭር ሳቅ። ወዲያው አዛኑ ተሰማና ለቴምሩ ተነሳን።

ከዒድ በኋላ ደላላው ደወለ። ግቢው ውስጥ፣ እኔ እየሰማሁ አነሳችው። ሰላምታው ረዘመ። ከዚያ "የኔ ወንድም፣ ዶሮዎቹ ገና አልተላመዱልኝም" አለችው። "ሌላ ጊዜ ደውል።"

ሌላ ጊዜ የሚለውን ቃል ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ደንበኛ ዋጋ ጠይቆ፣ ዕቃውን አገላብጦ፣ ሌላ ጊዜ ካለ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል። በሁለቱም ብዙ ጊዜ ተሳስቻለሁ።

ስምንት ቄብ ቀርተዋል፤ አምስቱ መጣል ጀምረዋል። ገብስማዋን ጨምሮ ሦስቱ አሮጌዎች አሉ። አውራ ዶሮ የለንም። ሱቁ ባዶ እንደሆነ ነው። ልጄ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ እቤት ናት።