በደርግ ጊዜ ነጻ የነበረው ሕክምና

አባቴ ዛሬ ምሳ ላይ ሕክምናዬን በሁለት ቃል ሰረዘው፦ «ጎንደር ቀርቷል!»

ላልሰማችሁ፣ ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር አለብህ ተብዬ መድኃኒት ጀምሬአለሁ። በየወሩ ከደባርቅ ጎንደር መመላለስ ነው፤ ለሚኒባሱም፣ ለሐኪሙም፣ ለመድኃኒቱም ይከፈላል።

መድኃኒቱን ከጀመርኩ ወዲህ ግን አንድ የሒሳብ ጥያቄ ጀምሬ እስከ መጨረሻው መሥራት ችያለሁ። (መምህሩ ራሱ አላመነም።)

«በደርግ ጊዜ እንዲህ ያለ በሽታ አልነበረም» አለ አባቴ። «የሚቁነጠነጥ ልጅ በአለንጋ ይድን ነበር። ያውም በነጻ!»

ከዳባት ሊጠይቁን የመጡት አያቴ የጠቀለሉትን እንጀራ መልሰው ትሪው ላይ አስቀመጡ።

«በነጻ? በጎቼን ማን ፈጃቸው ታዲያ?»

ለካ አባቴም በልጅነቱ አንድ ቦታ መቀመጥ አይችልም ነበር። አያቴ ለደብተራ በግ ሰጥተው ክታብ አጻፉለት። በሳምንቱ ጣለው። ሁለተኛ በግ ተሰጠ፣ ሁለተኛ ክታብ ተጻፈ፤ እሱንም ጣለው። ሦስተኛውን የት እንዳደረሰው እስከ ዛሬ አያውቅም።

ዕቃ ለሚጥል ልጅ የሚጣል መድኃኒት! የደብተራው ትኩረት ግን እንከን አልነበረውም፤ በተለይ በግ ላይ።

አባቴ አንገቱን ደፋ። አያቴ ግን ገና አልጨረሱም።

«ሰኞ ልጁን ይዘህ ጎንደር ትወርዳለህ። እዚያ ስትደርስ ለራስህም ካርድ አውጣ!»

የእናንተ አባቶችስ ስንት በግ ፈጅተዋል? አያቶቻችሁን ጠይቁና ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ አባቴ ብቻውን አይፈር።