አብላ ኢንሺራህ ቤተ መጻሕፍት ልትገባ ስትል

አብላ ኢንሺራህ ስታስተምር ድምፅዋ ከአጥራችን ውጪ በጋሪ ባቄላ የሚሸጠው ሰውዬ ጋ ይደርስ ነበር። ሰውዬው እየቀለደ «ከሥር ያለው ቁጥር ዜሮ አይሆንም፣ ገባችሁ?» ብሎ ደንበኞቹን ሲያፋጥጥ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የእሷን አነጋገር ቁጭ አድርጎታል።

ትምህርት ቤታችን መሐላ የምትባል ከተማ ውስጥ፣ ከፈትል ፋብሪካው ጀርባ ነው፤ የሴቶች ነው፤ የከሰዓቱ ፈረቃ የእኛ ነው። እኔ አረብኛ አስተምራለሁ፣ እሷ ሒሳብ፤ ልጆቹ ሁለታችንንም «አብላ» ይሉናል፣ መምህርት ለማለት። ክፍሎቻችንን የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። እሷ ስለ ንብብር ቁጥሮች ስትጮህ የእኔ ልጆች ግጥሙን ትተው ክፍልፋይ ይደምራሉ፤ በዚህ የተነሳ ስንቴ ተኳርፈናል! ግን ምን ታድርግ? ሰባ ልጅ ሦስት ሦስት ሆኖ አንድ ዴስክ ላይ ታጭቋል፣ በመስኮት የማይክሮባስ ጥሩምባ ይገባል፣ የባጃጁ ሙዚቃ ይገባል። መጮህ ነው እንግዲህ። ከወጣትነቷ ጀምሮ ጮኸች፣ ፀጉሯ ከሻሿ ሥር እስኪሸብት ጮኸች፣ ከዚያ ጉሮሮዋ እምቢ አለ።

መጀመሪያ ሻከረ። የዘይቱን ቅጠል እያፈላች ጠጣች። ብርዱ ሲገባ ጭራሽ ተዘጋ፤ የቀራት ሹክሹክታ ብቻ ሆነ። ሐኪሙ በመሣሪያ አይቶ፣ «ዝም በይ። ማንሾካሾኩም ያው ነው፣ ይጎዳሻል። እምቢ ካልሽ ይቺም የቀረችሽ ትሄዳለች» አላት።

ስለዚህ አብላ ኢንሺራህ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደ ቤተ መጻሕፍት መዛወር። የእኛን ቤተ መጻሕፍት ማንም መጽሐፍ ሊዋስበት አይመጣም። አቧራ፣ ጠረጴዛና ጸጥታ ነው ያለው። ለደከመ መምህር ከዚያ የበለጠ ገነት የለም፤ እኔም ዓይኔን ጥዬበታለሁ፣ አልዋሽም። እሷማ የወንበር ትራሷን ቀድማ አስገብታለች። ነገር ግን የሐኪም ወረቀት ማንም ያወጣል ተባለና፣ ከትምህርት ቢሮ የሚላከው ተቆጣጣሪ ክፍል ገብቶ በዓይኑ አይቶ «ማስተማር አትችልም» ብሎ ካልጻፈ ዝውውር የለም።

የተቆጣጣሪው መምጫ ለነገ ሲቆረጥ መምህራን ክፍል አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ነገ ምን ልታስተምሪያቸው ነው?» አልኳት።

«ዜሮ አርቢን» አለች፤ ለመስማት ወደ አፏ መጠጋት ነበረብኝ። «ቁጥሩ ትከሻ ላይ ዜሮ ሲጻፍ መልሱ ምንድን ነው የሚለውን። ሁልጊዜ ክፍሉ የሚተራመሰው እዚያ ላይ ነው። ድምፅ እያለኝ ራሱ አልሆነልኝም።»

«አንቺ ተንኮለኛ!»

ሳቀች። ሲስቅ ድምፅ የማይወጣው ሰው ያሳዝናል፤ አንጀቴን በላችው።

በማግስቱ የፎቁ ተረኛ እኔ ነበርኩ። በእረፍት ሰዓት የእሷ ክፍል ልጆች ኮሪደር ላይ ተሰልፈው እጅ ሲያነሱ ሲያወርዱ አገኘኋቸው። አለቃቸው ማያዳ ናት፤ አስራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ጄኔራል ናት ግን።

«ምንድን ነው ይሄ ደግሞ?» አልኩ።

«ልምምድ ነው አብላ! የምታውቅ ቀኝ እጇን፣ የማታውቅ ግራ እጇን ታነሳለች። ሁሉም እጅ ያወጣል፣ አብላ ኢንሺራህ ከቀኞቹ ብቻ ትጠራለች። ሰውዬው እኮ ሊያባርራት ነው የሚመጣው! እናድናታለን!»

ይህን ዘዴ በአገራችን የማያውቅ ትምህርት ቤት የለም። ተቆጣጣሪዎቹም መምህር ሳሉ ተጠቅመውበታል። ግን አስተማሪያችሁ መውደቅ ነው የምትፈልገው ተብሎ ለልጅ ይነገራል? ዋጥ አድርጌው ሄድኩ።

ተቆጣጣሪው ኡስታዝ ወግዲ፣ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ ጨዋ ሰው ነው፤ መጨረሻ ዴስክ ላይ እንደምንም ተሸጉጦ ተቀመጠ። እኔ በር ላይ ቆምኩ። አብላ ኢንሺራህ ሰሌዳው ላይ ግማሽን ጻፈች፣ ትከሻው ላይ ዜሮ አስቀመጠች፣ ዞር ብላ በእጇ ጠየቀች። የክፍሉ እጅ ሁሉ ወደ ላይ ወጣ።

ነገሩ ወዲያው ገባት። ዓይኗ በቀኞቹ ላይ አለፈና ግራ እጅ ፈለገ። ከሁሉም በላይ ከፍ ያለው ግራ እጅ የሹሩቅ ነበር፤ ሹሩቅ ሒሳብ ላይ መቼም ዕድለኛ ሆና የማታውቅ ልጅ ናት። እሷን ጠራች። ማያዳ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ዜሮ፣ አብላ!» አለች ሹሩቅ።

ኡስታዝ ወግዲ እስክሪብቶውን አነሳ። አለቀ። አሁን ዝም ማለት ብቻ ነው የቀራት፤ ሐኪሙም ያዘዛት ይኸንኑ ነው። በልቤ «ዝም በይ ኢንሺራህ፣ በአላህ ዝም በይ» አልኩ። ዓይኗን ጨፈነች። ግን የተሳሳተ መልስ ሰምቶ ማለፍ ለእሷ ወተት ሲገነፍል ቆሞ እንደማየት ነው፤ አልቻለችም።

«ዳቦሽን አምጪው» አለቻት በሹክሹክታ።

ሹሩቅ ከቦርሳዋ ጠፍጣፋውን ዳቦ አወጣች። አብላ ኢንሺራህ ለሁለት ገመሰችው። «አንድ ጊዜ ብቆርጠው?»

«ግማሽ!»

እንደገና ቆረጠችው፤ «ሁለት ጊዜ?»

«ሩብ!»

«ሦስት ጊዜ?»

«አንድ ስምንተኛ!»

እያንዳንዱን ሰሌዳው ላይ ጻፈች፤ ስንት ጊዜ እንደቆረጠች በግማሹ ትከሻ ላይ፣ መልሱን አጠገቡ። ድምፅዋን ለመስማት ሲሉ ልጆቹ ትንፋሻቸውን ዋጡ፤ ያሳለችውን አንዷን ሌሎቹ በክርን ጎሸሟት። እኔ በዚያ ክፍል እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ከማያዳ ደግሞ ሌላ ዳቦ ወሰደችና ሙሉውን ከፍ አድርጋ ያዘችው።

«ይሄንንስ ስንት ጊዜ ቆረጥኩት?»

«ምንም አልቆረጡትም» አለች ሹሩቅ።

«ዜሮ ጊዜ ማለት ነዋ። ታዲያ ዳቦው የለም? የት ገባ?»

ሹሩቅ ዳቦውን አየች፣ ሰሌዳውን አየች፣ ተመልሳ ዳቦውን አየች። «አለ እኮ! ሙሉው ነው ያለው! አንድ! አንድ ነው፣ አብላ!»

«ቅድም ዜሮ ነው ብለሽ የማያዳን ዳቦ ልትውጪባት ነበር» አለች አብላ ኢንሺራህ። ክፍሉ ሳቀ፣ ግን ቀጥሎ የምትለው እንዳያመልጠው ወዲያው ዝም ተባባለ።

ኡስታዝ ወግዲ ከዴስኩ በመከራ ወጣ። «ኡስታዛ፣ ስንት ዓመት ክፍል ለክፍል ስዞር ሰባ ልጅ እንዲህ አድርጎ ሲሰማ አላየሁም» አለ። የጻፈውንም አሳያት፦ «እጅግ በጣም ጥሩ»። «እርስዎን አቧራ ውስጥ መቅበር ሐራም ነው። ቤተ መጻሕፍቱን ሌላ ሰው ይጠብቀው።»

«ሐኪሙ...» ብላ ጀመረች፤ የወጣው አየር ብቻ ነው።

«አላህ ይማርዎት። ማር በሎሚ ይጠጡበት» ብሏት ሄደ።

በሩ እንደተዘጋ ክፍሉ ፈነዳ። ዴስክ ተደበደበ፣ እልልታ ቀለጠ፣ ልጆቹ እየተሻሙ ጉንጯን ሳሟት። «አዳንንዎት አብላ! አዳንንዎት!» ትላለች ማያዳ እየዘለለች። ሹሩቅ ደግሞ ክንዷን ይዛ፣ «ግራ እጄን አላዩትም እንዴ? ልቤ ሊቆም ነበር እኮ!» ትላታለች።

አብላ ኢንሺራህ በጭንቅላታቸው ላይ አሻግራ እኔን አየችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ልጆቹ የደስታ መሰላቸውና ይበልጥ ጮኹ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

እጇን አነሳች፤ ጸጥ አሉ።

«አዎ፣ አዳናችሁኝ» አለች። «አላህ ያሳድጋችሁ። በሉ ቁጭ በሉ።»

ከዚያ ጠመኔዋን አነሳች። የዚያን ቀን ገና ሁለት ክፍል ይጠብቃት ነበር።