የእማማ ጌኖቫይቴ ወተት

ቪልማ ሰው ቤቱ ሊያሳድግ አምጥቶ የሰለቸውን እባብ ሁሉ በሊትዌኒያዋ ከተማ ካውናስ ባለው ቤቷ የምታስታምም ቁጡ ሴት ናት። በጥቅምት ከአሮጊቷ ከእማማ ጌኖቫይቴ ቤት ያነሳችው ዘንዶ ግን ከስቶ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ነበር።

«ምን ሲያበሉት ከረሙ?» ብላ ጮኸችባቸው።

«ወተት ነዋ! አያቴም ለቤታችን እባብ ወተት ታስቀምጥ ነበር። ልጄ ኖርዌይ ለሥራ ሲሄድ አደራ ብሎኝ፣ ዓመት ሙሉ ለራሴ ሳልቀምስ ነው ያጠጣሁለት።»

ቪልማ «እባብ ሥጋ ይበላል እንጂ ወተት አይጠጣም፤ በረሃብ ገደሉት!» ልትል አፏን ከፈተች። አሮጊቷ የዘንዶውን የወተት ሳህን አጥበው ሲያቀብሏት ግን ቃሏን ዋጥ አደረገች።

«ይድናል፣ እማማ።»

አልዳነም። በአሥራ አንደኛው ቀን ጓሮ ቀበረችው። በማግሥቱ አሮጊቷ ጠርሙስ ሙሉ ወተት ይዘው በአውቶቡስ መጡ።

«ሲጠጣ ልየው?»

«ሰው ካየ አይጠጣም፣ እማማ። እኔ እሰጠዋለሁ።»

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ይመጣሉ። ቪልማን ወተት ሆዷን ይነፋታል፤ መድፋት ግን አቃታት። ቆማ ትጠጣውና ባዶውን ጠርሙስ አጥባ ትመልስላቸዋለች።

«አላልኩሽም? ይወዳል!» ይላሉ እማማ ጠርሙሱን እያገላበጡ። «ብቻ ልጄ አንድ ቀን ይደውል፣ እነግረዋለሁ።»