አንድ ጆይስቲክ ለሁለት

የላፕቶፔ ስክሪን የተሰበረው ከባጃጅ ስወርድ ነው። ቦርሳው ከትከሻዬ ተንሸራቶ አስፋልቱ ላይ ወደቀ፤ ቤት ገብቼ ስከፍተው ግማሹ ጠቁሯል፣ ግማሹ የሸረሪት ድር መስሏል። ጋምቤላ ከተማ ያለው ጠጋኝ ገልጦ አየውና፣ «ውስጡ ደህና ነው፤ ስክሪኑ ግን ከአዲስ አበባ መምጣት አለበት» አለኝ። መቼ እንደሚመጣ ስጠይቀው «እንጃ» ብሎ ወደ ሌላ ሥራው ዞረ። እስከዚያው አንድ ገመድ ገዝቼ ላፕቶፑን ሳሎን ካለው ቴሌቪዥን ጋር አገናኘሁት። ቴሌቪዥኑ ትልቅ ነው። ፑኝዶ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ስትሠራ ቆይታ ወደ ሌላ ቦታ የተዛወረች ጓደኛዬ ነች ትታልኝ የሄደችው።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህርት ነኝ። የፈተና ጥያቄ ግድግዳ በሚያህል ስክሪን ላይ ማዘጋጀት መጀመሪያ አሳቀኝ፤ በኋላ ግን ሌላ ጥቅም አገኘሁለት። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የለመድኩት አንድ ጌም አለ፤ ትራክተር እየነዱ የሚያርሱበት፣ የሚዘሩበት፣ አዝመራው ሲደርስ በኮምባይነር የሚያጭዱበት። ጥድፊያ የለውም፤ የሚገድልም የሚሞትም የለም። በላፕቶፑ ሳየው እርሻው መሐረብ ያህል ነበር፤ በቴሌቪዥኑ ሲመጣ ሰማዩ ጭምር ሳሎኔ ገባ። ከሥራ ተመልሼ፣ ገላዬን ታጥቤ፣ ቬንትሌተሩን ወደ ፊቴ አዙሬ አንድ ሰዓት ያህል ማረስ ልማዴ ሆነ። ለሰው ግን አልናገርም። ሠላሳውን ያለፈች፣ ያላገባች መምህርት ቁጭ ብላ ጌም ትጫወታለች ሲባል ለጆሮም አይጥምም።

አባቴ አቦቦ ወረዳ የሚኖር ገበሬ ነው። በድርቁ ዘመን ከወሎ በሠፈራ ከመጡት አንዱ ነው። እዚያ ቆላ ውስጥ ገንዲ የሚሉት የዝንብ በሽታ በሬ ስለማያቆይ፣ እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ በቆሎውንም ማሽላውንም በዶማ ነው የሚሠራው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ዝምተኛ ነው። እናታችን በሕይወት ሳለች የሱን ሐሳብ የምንሰማው በሷ አፍ ነበር። እሷ ስትሞት እሱም አብሮ የተዘጋ መሰለኝ።

ባለፈው ዓመት በቆሎ ሲሰበሰብ ስትሮክ መታው። ወንድሜ በጋቢ ጠቅልሎ፣ የአንድ ነጋዴ ፒካፕ ላይ ጭኖ አመጣው። ሆስፒታል ሰንብቶ ሲወጣ ሐኪሙ፣ «ሕይወቱ ተርፏል። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ግን ሥራ ይፈልጋሉ፤ ሳይሰለች ልምምድ መሥራት አለበት» አለን። አቦቦ ሆኖ መመላለስ ስለማይችል እኔ ጋ ቀረ። ከመኝታ ቤቱ ይልቅ ሳሎኑ ነፋስ ስለሚገባው ፍራሽ ያነጠፍኩለት እዚያው ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ከበዱኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛል። ሰላቱን ተቀምጦ ይሰግዳል፣ ተመልሶ ይዞራል። ከሁሉ የባሰብኝ የምግቡ ነገር ነበር። በቀኙ መጉረስ አቃተው፤ ግራውን ወደ ማዕድ መስደድ ደግሞ ለሱ ነውር ነው። ላጉርስህ ስለው ሁለት ሦስት ጎርሶ «በቃኝ» ይላል። አንገቱ ሲቀጥን አያለሁ።

አጥር የምንጋራት ጎረቤቴ ነርስ ነች፣ የአኝዋክ ልጅ። አማርኛን የተማረችው ትምህርት ቤት ስለሆነ ቃሉን እየመረጠች፣ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። አንድ ቀን የቴኒስ ኳስ ይዛ መጣች።

«አባባ፣ ይሄን ጨብጥ። ልቀቅ። ጨብጥ። በቀን ሦስት ጊዜ» አለችው፤ የሞተውን እጅ በሁለት እጇ ይዛ እያሳየችው።

እሷ እስክትሄድ ታገሠ። ከዚያ ኳሱን በግራው አንስቶ ትራሱ ሥር ከተተው። «ጭራሽ በኳስ የምጫወት ሽማግሌ ልሁን?» አለ።

እሱ ከመጣ ወዲህ ጌሙን ነክቼው አላውቅም ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ግን፣ ቆርቆሮው ከሙቀቱ ብዛት ሲንጣጣ፣ አባዬ ከሰገደ በኋላ ፊቱን አዙሮ ሲተኛ ድምፁን አጥፍቼ ከፈትኩት። ማረስ ያቆምኩበት ማሳ ነበር። እስከ ጫፉ ሄጄ ዞርኩ።

«ሳታነሺው ዞርሽ» አለኝ ከኋላዬ።

ደነገጥኩ። በክርኑ ተደግፎ ቀና ብሏል፤ ዓይኑ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው።

«ምኑን፣ አባዬ?»

«ማረሻውን። መሬት ውስጥ እንዳለ አይዞርም፤ ይጣመማል። መጀመሪያ አንሺው፤ ከዞርሽ በኋላ አውርጂው።»

በሦስት ሳምንት ውስጥ ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም። እንዳለኝ አደረግሁ።

«እንዲህ?»

«አዎ። አሁን የቀኙን ጎማ ቀድሞ በወጣው ትልም ውስጥ አስገቢው። እሱ ራሱ ይመራሻል።»

እውነትም መራኝ። መስመሩ እንደዚያ ቀጥ ብሎልኝ አያውቅም።

«ትራክተር የት ታውቃለህ?» አልኩት።

«ነድቻለሁ» አለና ተመልሶ ተኛ።

በማግስቱ ምንም ሳልጠይቅ ጌሙን ከፈትኩ። እሱም ትራሱን ከጀርባው አድርጎ ተቀመጠ። ጥቂት ካየ በኋላ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አኖርኩለት። የግራ አውራ ጣት መሪ ነው፤ የቀኝ ሌባ ጣት ነዳጅ ይሰጣል። ቀኝ እጁ ግን የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል ጆይስቲኩ ጎን ተጋደመ። ማስተካከያው ውስጥ ገብቼ ሁሉን ወደ ግራ ማምጣት እችል ነበር፤ ኪቦርዱን ሳብኩ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«በግራህ ብቻ እንድትነዳው ላደርግልህ።»

ትንሽ አሰበ። «ተይው። የቀኙን አንቺ ያዢልኝ» አለ።

ፍራሹ ላይ ጎኑ ተቀመጥኩ። የሱ ግራ እጅና የኔ ቀኝ እጅ አንድ ጆይስቲክ ያዙ። እሱ መሪውን ይዞ ያዝዘኛል፤ «ስጪው... ቀንሺ... አንሺ... አሁን አውርጂ።» ከአባቴ ጋር ትከሻ ለትከሻ የተቀመጥኩበት ቀን አልነበረም፤ በልጅነቴም ቢሆን ትዝ አይለኝም። የመጀመሪያው ትልማችን እንደ እባብ ሄዶ አጥር ውስጥ ገባ። የስክሪኑን እይታ ወደ ኋላ አዙሬ ለአባዬ አሳየሁት።

«ሰካራም ያረሰው ይመስላል» አለ። ሳቅ ሲይዘኝ እሱም በተጣመመው አፉ ሳቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመለስ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ጌሙ ውስጥ ያለው አገር በዓመቱ መጨረሻ በረዶ ይለብሳል፤ ነጭ ሆኖ ሲያየው፣ «እዚህ አገር ሰው ምን በልቶ ይኖራል?» አለ። ጎረቤቴም ልታየው መጥታ ነበርና የባሮ ወንዝ በረዶ ቢሆን በእግር መሻገር እንደሚቻል ስታሰላ ቆየች። አንድ ጊዜ በቆሎ እያጨድን መብራት ጠፋ። አባዬ ጨለማውን ስክሪን እያየ፣ «እህሉ ሜዳ ላይ ቀረ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ከልቡ ነበር። ቀድሜ ሴቭ እንዳደረግሁት አስረዳሁት። «ደግ አደረግሽ» አለ።

የትራክተሩን ታሪክ በአንድ ጊዜ አልነገረኝም። ማሳው ረጅም ሆኖ ትእዛዝ የማያስፈልግበት ሲሆን፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ ቁራጭ ቁራጭ ያወጣል። ሠፈራው እንደተጀመረ መንግሥት ትራክተሮች አምጥቶ ነበር። ከሠፋሪው ወጣቶች ጥቂቶቹ ለሥልጠና ሲመረጡ እሱ አንዱ ሆነ። ሁለት ክረምት ነዳ። ከወሎ ሲመጡ የሞቱበትን ታናናሾቹን እያሰበ የሚያለቅስ ልጅ ነበር፤ ትራክተሩ ላይ ሲወጣ ግን ድምፁ ሐሳቡን ይውጥለት ነበር። በኋላ መለዋወጫ ጠፋ፤ መንግሥትም ተለወጠ። ገሚሱ ትራክተር ዝጎ ቀረ፣ ገሚሱ ተጭኖ ሄደ። እሱ ዶማውን አነሳ፣ አገባ፣ እኛ ተወለድን።

«ለምን አልነገርከንም?» አልኩት።

«ከእጅ የወጣ ነገር ምን ይወራል?»

ትንሽ ሄድን። እኔ ነዳጅ እሰጣለሁ፤ እሱ መሪ ይዟል።

«አንቺ ኮምፒውተር ልማር ስትዪ ግን ትዝ አለኝ» አለ። «ሰዉ ሁሉ ‹ዳራት› ይለኝ ነበር። እናትሽም ፈርታ ነበር። እኔ ግን ከዚህ ቤት አንድ ሰው እንኳ ማሽን ይያዝ አልኩ።»

ዩኒቨርሲቲ የሄድኩ ቀን አባቴ መኪናው ድረስ ሸኝቶኝ «ሂጂ» ብቻ ነበር ያለኝ። ያቺን አንዲት ቃል ዓመታት ሙሉ እንደ ግድ የለሽነት ቆጥሬበት ነበር። ውኃ ላመጣ ብዬ ተነሳሁና ወጥ ቤት ገብቼ ዓይኔ እስኪደርቅ ቆየሁ። ስመለስ ትራክተሩ ማሳው መሃል ቆሞ ነበር፤ ያለኔ አይሄድማ።

ወር ከምናምን እንዲህ ሠራን። አንድ ቀን ተጎታቹን በቆሎ ጭነን ወደ ጎተራው ስንሄድ ቁልቁለት ላይ ደረስን፤ ጣቴን አነሳሁ። ትራክተሩ ግን መሄዱን አላቆመም። ጌሙ የተበላሸ መስሎኝ ጎንበስ ስል፣ የአባዬ ሌባ ጣት ከጣቴ ሥር ገብቶ ነዳጁን ተጭኗል። እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ግን ተጭኗል። ቀና ብዬ አየሁት። እሱ መንገዱን ነው የሚያየው።

«አንቺ ዝም ብለሽ ተቀመጪ» አለኝ።

እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ጎተራው ጋ ሲደርስ ግንባሩ በላብ ርሷል። «አልሀምዱሊላህ» አለ፤ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ።

ለጎረቤቴ ስነግራት በደስታ እጇን አጨበጨበች፤ ግን ነርስ ነችና ወዲያው መለስ አለች። «ጣት ጥሩ ነው። መዳፍ ገና ነው። እግርም አለ። ቴሌቪዥን እግር አያራምድም።» ልክ ነበረች። አባዬ ይህን ሰምቶ እጁን ትራሱ ሥር ሰደደና ኳሱን አወጣው። «ኮምባይነሩ ብዙ ቁልፍ አለው፤ በዚህ እጅ አልችለውም» አላት፤ ይቅርታ እንደ መጠየቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ጧት ጧት ግቢው ውስጥ በሷ ትከሻ ተደግፎ ይራመዳል፤ ሥራ ስትገባ እኔ እተካለሁ። እግሩን እየጎተተ ከአጥር እስከ በር፣ ከበር እስከ አጥር። የሚማረርበት ቀን ነበር፤ ኳሱን የወረወረበት ቀንም ነበር። እጁ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ሐኪሙም ይህ እንደማይሆን ነግሮን ነበር።

አንድ ዓርብ ግን፣ ጁምዓ ተሰግዶ ምሳ ሳቀርብ፣ ላጉርሰው እጄን ስዘረጋ፣ «ቆይ» አለኝ። እጀታውን በግራው ሰበሰበ። ቀኙን ወደ ሳህኑ ላከ። እንጀራውን ለመቁረስ ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ግማሹ ወጥ ከንፈሩ ጋ ሳይደርስ ጋቢው ላይ ፈሰሰ። የቀረውን ጎረሰ። ዓይኑን ጨፍኖ አላመጠው። ጎረቤቴ ተቀምጣ ነበር፤ ሁለታችንም ምንም እንዳላየ ሰው ምሳችንን ቀጠልን። ያን ቀን «በቃኝ» ያለው ሳህኑ ሲጋመስ ነው።

በአራተኛው ወር ወንድሜ ሊወስደው መጣ። አባዬ በምርኩዝ ራሱ ተራምዶ መኪናው ጋ ደረሰ። ጎረቤቴን ሲሰናበት እጇን በቀኝ እጁ ጨበጠና ለረጅም ጊዜ መረቃት፤ ምርቃቱን ሁሉ የተረዳችው አይመስለኝም፣ ግን ጎንበስ ብላ አሜን አለች።

ዶማ ዳግመኛ አልያዘም። መሬቱን ወንድሜ ነው የሚሠራው። ስትሮክ መጥፎ ነገር ነው፤ ደግ ነው አልልም። ግን እነዚያን አራት ወሮች የሰጠኝን አላህ ሳመሰግን፣ ከነስብራቱ ላመሰግነው እገደዳለሁ። ሠላሳ ሦስት ዓመት «አባዬ» ስለው የኖርኩትን ሰው ያገኘሁት ያኔ ነው።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ አቦቦ ሄድኩ። ከአስር ሰላት በኋላ ምርኩዙን ይዞ፣ «ነይ፣ የማሳይሽ አለ» አለኝ። ከመንደሩ ጀርባ፣ በልጅነቴ ውኃ ስቀዳ በየቀኑ በማልፍበት መንገድ ወሰደኝና አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ሥር አቆመኝ። ትራክተሮቹ የሚያድሩበት ጋራዥ እዚያ ነበር፤ ዛፉ የበቀለው ጋራዡ ከፈረሰ በኋላ ነው። ከሣሩ ውስጥ የሲሚንቶውን ወለል ቁራጭ በእግሩ ጠራርጎ አሳየኝ። ከዚያ ሥሩ ላይ ተቀመጥን። አሠልጣኙ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር፣ ከጓደኞቹ ማን ጎበዝ ማን ፈሪ እንደነበር እየነገረኝ፣ የወደቀውን ማንጎ እያነሳን እየበላን፣ ፀሐይ ጠልቃ ለመግሪብ አዛን እስኪል ድረስ እዚያው ቆየን።