ቁጥር ልማር ሸዋ ሮቢት ወረድሁ

ጠዋት፣ ደብረ ብርሃን

ከቤቴ የወጣሁት እየተነጫነጭሁ ነው። በእርሻ ጽሕፈት ቤታችን ለዓመታት ጸሐፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። የጽሕፈት ክፍል ኃላፊነቱ ክፍት ሲሆን የኔ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ አለቃዬ አቶ ታደሰ ከሸዋ ሮቢት የመጣ ሠንጠረዥ እያገላበጡ፣ «ይችን ሮማን የምትባል ጸሐፊ እዪማ! መሐል ላይ ስም ስትጨምር ተራ ቁጥሩ ራሱ ይስተካከላል አሉ። ውረጂና ተማሪ» አሉኝ። እኔ ቁጥሩን አንድ በአንድ ነው የምመታው፤ ስም ከተጨመረ ከሥሩ ያለውን ሁሉ አጥፍቼ እንደገና እጽፋለሁ። ከኔ በኋላ ከተቀጠረች ልጅ ተማሪ መባሌ አንገበገበኝ።

ሚኒባሱ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ደብረ ሲና ሲቆም ቆሎ ገዛሁ። ቁልቁለቱን በሙሉ እሱን በንዴት እየቆረጠምሁ ወረድሁ፤ ሹራቤንም አወለቅሁ።

ረፋድ፣ ሸዋ ሮቢት

መንገዱ ዳር ማንጎና ፓፓያ ተደርድሯል። ባጃጅ ይዤ ቢሮው ደረስሁ። ሮማን ከጎጃም ተመድባ የመጣች ናት። ኩራተኛ ትሆናለች ብዬ ነበር፤ ትሑት ሆና ቆየችኝ፣ ይኼም አናደደኝ።

«እትዬ አልማዝ፣ እንኳን ደህና መጡ! በዚህ ሙቀት!» ብላ ቬንቲሌተሩን ወደኔ አዞረችው።

የመስኖ ውሃ ተረኞችን ሠንጠረዥ ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተች። የተራ ቁጥሩን ዓምድ መርጣ ከላይ ያለችውን የቁጥር ምልክት ጠቅ ስታደርግ ዓምዱ እስከ ታች ሞላ። መሐል ላይ አንድ ረድፍ ጨመረች፤ ከሥሩ ያሉት ቁጥሮች ራሳቸው ተገፉ።

«በቃ?» አልኋት።

«በቃ!»

ስንቴ ያለቀስሁበት ሥራ ነው! አንጀቴ እስኪያር ቀናሁ።

ይኼኔ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ ሽንኩርት የሚያለሙ ሽማግሌ እያለከለኩ ገቡ። «ልጄ ሮማን፣ ሰሌዳው ላይ ተራዬ ሰባት ነበር፤ ዛሬ ስምንት ሁኖ አገኘሁት! የውሃ አባቱ ሲያከፋፍል በቁጥሩ ነው የሚሄድ፤ የነገውን ውሃ ላዲሱ ሰውዬ ሊሰጥብኝ ነው። ሽንኩርቴ ጠወለገ፣ ወላሂ!»

ለካስ የአዲሱ ገበሬ ማሳ ከቦዩ መሐል ስለሆነ ሮማን ስሙንም አስቀድማ መሐል አስገብታው ኖሯል፤ ከሱ በታች ያለው ሁሉ አንድ አንድ ተገፍቷል። እሰይ! አልሁ በሆዴ። አለቃዬ ይኼን ይስሙልኝ።

ሮማን አልተከራከረችም። «ጋሽ ሰይድ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ» ብላ አዲሱን ስም ወደ መጨረሻው አወረደችው፤ ቁጥሮቹ ተመለሱ። አትማ ራሷ ሰሌዳው ላይ ለጠፈች፤ የውሃ አባቱ ዘንድም ሄዳ ነገረችው። ሽማግሌው «አላህ ያክብርሽ፣ ትልቅ ቦታ ያድርስሽ» እያሉ መረቋት። እኔን ቢሮዬ ገብቶ የመረቀኝ ሰው የለም። ከቁጥር ምልክቷ ይልቅ በምርቃቱ ቀናሁ።

በማግስቱ፣ ደብረ ብርሃን

«እህሳ፣ ልጅቷ እንዴት ናት?» አሉኝ አቶ ታደሰ።

ስጠብቀው ያደርሁት ጥያቄ ነበር። «የሽማግሌ ውሃ ልታስቀማ ነበር!» ብዬ አንድም ሳላስቀር ዘረገፍሁት።

«ታዲያ ምን አደረገች?»

መዋሸት አልሆነልኝም። «ጥፋቷን አመነች። ወዲያው አስተካከለች፤ የውሃ አባቱ ዘንድም ራሷ ሄደች።»

«ለኃላፊነቱ እንዲህ ያለ ሰው ነበር የምፈልገው» ብለው ስልኩን አነሱ።

ከጉዞው የተማርሁትን አልረሳሁም። ዓምዱን መርጬ ምልክቷን ጠቅ አደርጋለሁ፤ ቁጥሩ ይሞላል። ከዚያ አትሜ ሮማን ጠረጴዛ ላይ አኖርላታለሁ፣ ትፈርምበታለች።